ስድስት ሰዓት መቀነስ ብቻ አይበቃም

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ከውጭ አገር መጥተው አዲስ አበባ፣ በተለይም መሀል ከተማ ለመኖር ላሰቡ ሰዎች የተዘጋጀ ምክር ነው፤ ለኤምባሲና ለዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች፣ እንዲሁም ውጭ ተወልደው ላደጉ የእኛው ልጆች። ጸሐፊው ቅን ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ የሚመጣውን ሰው ከጭንቀት ሊገላግሉት ፈልገው ነው የጻፉት። ነገር ግን ምክሩን እንዳለ የሚፈጽም ሰው ቀጠሮ ያመልጠዋል፣ ታላላቆችን ያስቀይማል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በሰው የሐዘን ቀን የማይሽር ጥፋት ያጠፋል። ስለዚህ አንብቦ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። አዲስ አበባ የዓለም ከተማ ስለሆነች እንግሊዝኛና ስልክ ላይ ያሉ አፖች ይበቃሉ ይላሉ። ሰዓቱ ስድስት መቀነስ፣ ዓመቱ ሰባት መቀነስ ብቻ ነው። አንቱታ እየጠፋ ያለ ልማድ ስለሆነ ሁሉንም አንተና አንቺ ማለት ይሻላል። ቡና ላይ ሦስቱንም ሳይጠጡ መነሣት ቤቱን መስደብ ነው። ጾም ማለት ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አለመብላት ነው። «እሺ» የሚል ሰው እየሸነገለ ስለሆነ «አዎ ወይስ አይደለም?» ብሎ አፋጥጦ መያዝ ያስፈልጋል። አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ከጠየቀ የአገሩ ባህል ነውና መክፈል ነው። ለቅሶ የዘመድ ጉዳይ ስለሆነ ሳይጠሩ መሄድ ነውር ነው፤ የሠራተኛ ዘመድ መሞቱ ከተሰማ ግን ለሠራተኛው በዚያው ቅጽበት መንገር ይገባል፣ መደበቅ ጭካኔ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥር ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ ልማድ ጌጥ ነው፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ በቃል ተይዞ ያልቃል የሚል። እኔ የማልቀበለው ይህንን ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ልማድ የዕለት ኑሮ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ምክንያቱ ያልገባው ሰው ሕጉን በቃሉ ቢያውቀውም ቦታው ላይ ይሳሳታል።

እንግሊዝኛና ስልክ

እዚህ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ደግሞ በ1955 ዓ.ም እዚህ ከተመሠረቱ ወዲህ ከተማዋ እንግዳ ለምዳለች። ሆቴል፣ ባንክና ትልልቅ ካፌዎች ውስጥ በእንግሊዝኛ መግባባት ይቻላል። ራይድ ወይም ፈረስ በሚባሉት አፖች ታክሲ ለመጥራትም አማርኛ አያስፈልግም።

አማርኛው የሚያስፈልገው ከጠሩ በኋላ ነው። ሾፌሩ ካርታው ላይ ያለችውን ነጥብ ብቻ አምኖ አይመጣም፤ ይደውላል። «የት ጋ ነህ?» ሲል የሚጠብቀው የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ሳይሆን ምልክት ነው፦ ፖስታ ቤቱ አጠገብ፣ ጥቁር አንበሳ በሩ ላይ፣ ዑራኤል ፊት ለፊት። ቀጥሎ «ወደ ላይ ነው ወደ ታች?» ይላል። ይህ የመሬቱ ተዳፋት ነው። እንጦጦ ላይ ነው፣ ውሃው የሚወርድበት ታች ነው። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚሄድ ወደ ታች ይሄዳል፤ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚሄድ ወደ ላይ። ካርታውን እያዟዟረ ግራና ቀኝ የሚቆጥር እንግዳ ይህን አንድ ነገር ቢይዝ ግማሹ የስልክ ንትርክ ይቀርለታል።

ሌላም አለ። ካዛንቺስና ፒያሳ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም ብዙ ቦታቸው ፈርሶ እንደ አዲስ እየተሠራ ነው፤ የሰው አፍ ግን አልፈረሰም። ዛሬም አቅጣጫ የሚነገረው በሌለ ሱቅና በሌለ ቡና ቤት ነው። ስለዚህ «አሁን እዚያ ቦታ ላይ ምን አለ?» የምትለውን አንዲት ጥያቄ በአማርኛ መልመድ ከማንኛውም አፕ በላይ ታገለግላለች። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥም «ወራጅ አለ» የሚባለው ከመውረጃው ቀደም ብሎ፣ ረዳቱ እንዲሰማ ጮክ ተብሎ ነው። ዝም ያለ ሰው ሰፈሩን በመስኮት እያየ ያልፋል።

ሰዓትና ቀን መቁጠሪያ

ስድስት መቀነስ ሰዓቱን ያስተካክላል። ቀኑን ግን አያስተካክልም፤ አደጋው ያለውም እዚያ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀን የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በእኛ ንግግር ግን ሰው ተኝቶ እስኪነሣ ድረስ ቀኑ ብዙ ጊዜ አልተቀየረም። «ቅዳሜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቅዳሜ ውሎ አልፎ የሚመጣውን ሌሊት ማለቱ ነው፤ የአውሮፕላን ትኬቱ ላይ ግን ያው ሰዓት «እሑድ 02:00» ተብሎ ይታተማል። ትኬቱን አይቶ «እሑድ ሌሊት ነው የምሄደው» ብሎ ለሾፌሩ የሚነግር እንግዳ፣ ሾፌሩ ለሰኞ አጥቢያ ይመጣለታል። አውሮፕላኑ ከሄደ 24 ሰዓት ሆኖታል ማለት ነው። መፍትሔው ቋንቋው ውስጥ አለ፤ «ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ማለት ነው። «አጥቢያ» ካሉ የሚሳሳት የለም።

በእንግሊዝኛ ሲነገር ደግሞ የተናጋሪው ሰዓት የማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። መለያው ቀላል ነው። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ከ12 እስከ 5 ነው፣ 6 እኩለ ቀን ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከ7 እስከ 11 ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ለሥራ «ጠዋት 2» ካለ በእኛ ሰዓት ነው። «ከሰዓት 2» ካለ የፈረንጁ መሆን አለበት፣ በእኛ እንዲህ የሚባል ሰዓት የለምና። «ጠዋት 9» ካለም የፈረንጁ ነው። ይህን የያዘ ሰው የሚጠራጠረው በጥቂት ሰዓቶች ላይ ብቻ ይሆናል። «በእኛ ነው በእነሱ?» ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም፤ እኛም እርስ በርሳችን እንጠያየቃለን።

ሰባት ዓመት መቀነስ የሚሠራው ከመስከረም 1 እስከ የፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ብቻ ነው። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ልዩነቱ ስምንት ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 እዚህ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ነበር። በዚህ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው፤ ለመመለስ የሚያስቸግረው ስህተት ግን የአንድ ቀኑ ነው። ጳጉሜን 6 ስትሆን ቀጣዩ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ላይ ነው፤ በ2016 ዓ.ም እንዲህ ነበር፣ በ2020 ዓ.ምም እንዲሁ ይሆናል። ልዩነቱ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። አንድ ቋሚ ሰንጠረዥ ይዞ የልደት ወይም የጋብቻ ቀን የሚገለብጥ ሰው በእነዚያ አምስት ወር ተኩል ውስጥ ያለውን ቀን ሁሉ በአንድ ያዛንፋል። ከዚያ ፓስፖርቱና የልደት ምስክር ወረቀቱ አይገናኙም። የገናን በዓል ያየ ይህን ያውቃል፤ በሌላው ዓመት ታኅሣሥ 29 የሚከበረው ገና ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 28 ላይ ይከበራል።

ስልክ የማይናገራቸው ሁለት ነገሮች ልጨምር። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሒሳብ ነክ ጉዳይ ይዞ መሄድ ትርፉ ወረፋ ነው። ዓርብ ዕለት ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት የሚጀምረው 6:30 ላይ ሳይሆን 5:30 ላይ ነው፤ የጁምዓ ሰላት አለና። ከሰዓት የሚከፈተው 7:30 ላይ ነው። ዓርብ 6 ሰዓት ላይ በር ተዘግቶ ያገኘ እንግዳ «ሥራ ጠል ናቸው» ብሎ ከመጻፉ በፊት ይህን ማወቅ ነበረበት።

አንቱና አንተ

ጸሐፊው እኩዮች መካከል አንቱታ ይቀዘቅዛል ማለታቸው ልክ ነው። በአንድ ቢሮ በአንድ ዕድሜ ያሉ ሰዎች አንተና አንቺ ይባባላሉ፤ ለእኩያ «እርስዎ» ማለት የመራቅ ምልክት ሊሆን ይችላል። እናቱን «አንቺ» የሚል ብዙ ነው፣ እግዚአብሔርንም ስንለምን «አንተ» እንላለን። እንግዲህ አንተ ማለት በራሱ ንቀት አይደለም፤ ቅርበት ነው። ችግሩ ያልተሰጠን ቅርበት መውሰዱ ላይ ነው። የግቢውን ጥበቃ፣ በእናት ዕድሜ ያሉትን ቡና የሚያፈሉ ሴት፣ የቤቱን ባለቤት «ና»፣ «ቁጭ በይ» ብሎ ማናገር በአዲስ አበባ ዛሬም ያስደነግጣል። ፒያሳና ካፌ ውስጥ ያሉ ወጣቶች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ሰምቶ ይህ የከተማው ቋንቋ ነው ማለት አይቻልም። እነዚያው ወጣቶች ቤታቸው ገብተው ከጎረቤት አዛውንት ጋር ሲያወሩ ቢሰሙ ኖሮ ጸሐፊው ይህን አይጽፉም ነበር።

ለጀማሪ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። «ይግቡ»፣ «ይቀመጡ»፣ «ይውሰዱ»፣ «እንደምን አደሩ»። ለመጥራት ደግሞ የሥጋ ዝምድና የማይጠይቁት የዝምድና ስሞች አሉ፦ «አባባ»፣ «እማማ»፣ ከዚያ ዝቅ ላለ ዕድሜ «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ ለእኩያ «ወንድሜ»፣ «እህቴ»። የማያውቁትን ሰው ስም ሳይጠይቁ በእነዚህ መጥራት ይቻላል። አንድ እውነት ግን መነገር አለበት። ፈረንጅ አንቱን ቢስት ፈገግ ብለው ያልፉታል። መልኩ አበሻ የሆነ፣ ውጭ ያደገ ልጅ ቢስት ግን የሚታየው ቋንቋ እንዳልቻለ ሳይሆን እንደናቀ ነው፣ ወላጆቹም አብረው ይወቀሳሉ። ጽሑፉ ለሁለቱም አንድ ምክር መስጠቱ ለእነዚህ ልጆች ክፉ ሥራ ነው።

የስሙም ጉዳይ እንዲሁ ታልፏል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። አልማዝ ከበደ የምትባል ሴት «ወይዘሮ አልማዝ» እንጂ «ወይዘሮ ከበደ» አትባልም፤ ብታገባም ስሟን አትቀይርም። ዶክተርም ኢንጅነርም የሚቀጠለው በራስ ስም ላይ ነው። በኢሜይል «ሚስተር ከበደ» ተብሎ የተጻፈለት ልጅ አባቱ የተጠሩ ይመስለዋል።

አንድ ነገር ከቅርብ ላሳይ፣ ጽሑፉ ምንም ስላላለው። ታላቅ ሰው ሲገባ የተቀመጡት ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፤ «ኖር» ይላሉ። የገቡት ሰው «በእግዜር» ብለው በእጃቸው እንዲቀመጡ ይጠቁማሉ። ሙሉ በሙሉ መቆም እንኳ አይጠበቅም፤ ከመቀመጫ ከፍ ማለት በቂ ነው። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፤ ስልኩን እያየ የተቀመጠውን ግን ሁሉም ያስተውለዋል። ሰላምታ ላይም ቀኝ እጅ ሲዘረጋ በግራ እጅ የቀኙን ክንድ ደገፍ ማድረግ አክብሮት ነው፤ እጁ ምግብ የነካ ሰው ደግሞ የእጁን አንጓ ቢዘረጋ አንጓውን መያዝ እንጂ እጅን መሰብሰብ አይገባም።

ቡናው

እዚህ ጸሐፊው ከልክ በላይ ፈርተዋል፤ እንግዳውንም አስፈርተዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ መኖራቸው እውነት ነው። ሦስቱንም ካልጠጣህ ሰድበሃል የሚል ሕግ ግን የለም። የሚያስቀይመው የሚነሡበት ቦታ ነው። ቡናው ታጥቦ፣ ብረት ምጣድ ላይ ተቆልቶ፣ ጭሱ በየሰው ፊት እየዞረ ባለበት ሰዓት ብድግ ማለት ባለቤቷን ያሳፍራል፤ የደከመችው ለተሰበሰበው ሰው ነውና። ጊዜ የሌለው ሰው ገና ረከቦቱ ሲዘጋጅ «አቦሉን ብቻ ጠጥቼ እሄዳለሁ» ካለ ማንም አይከፋውም። ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ በጀበና አፍልቶ፣ አስክኖ እስከ በረካ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ይህን አስቀድሞ አስቦ መግባት ነው።

እንቅልፍ የሚነሣው ሰው ደግሞ በተለምዶ በተገላቢጦሽ ይሠራል፤ አቦሉን ይጠጣና በረካውን እምቢ ይላል። ቶናውም በረካውም በዚያው አተላ ላይ ውሃ እየተጨመረ የሚፈላ ስለሆነ እየቀጠነ ነው የሚሄደው። ወፍራሙ አቦል ነው። ለእንቅልፍ የሚፈራ ቶናውን ጠብቆ ቢጠጣ ይሻለዋል።

የመንገድ ዳር ጀበና ቡና ላይ ይህ ሁሉ የለም። በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንድ ስኒ ጠጥቶ ከፍሎ መነሣት ነው። ጸሐፊው ይህን ከቤቱ ቡና ጋር ስለቀላቀሉት ነው ነገሩ የከበደው።

ጾም

ረቡዕና ዓርብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። የኦርቶዶክስ ምእመን የጾም ቀን በዓመት ከ180 ይበልጣል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ፤ የሐዋርያት ወይም የሰኔ ጾም፤ ነነዌ ሦስት ቀን። በተቃራኒው ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ሰኞ ነው ብሎ ነሐሴ 8 ቀን ለሥራ ባልደረቦቹ የልደት ኬክ ይዞ የሚገባ ሰው፣ ወተትና እንቁላል ያለበትን ነገር ግማሹ ቢሮ አመስግኖ ጠረጴዛው ላይ ሲተወው ያያል። ኬክ ቤቶች የጾም ኬክ ይሠራሉ፤ ሲያዙ «የጾም ይሁን» ማለት ብቻ ነው።

ጾም አትክልት መብላት ብቻም አይደለም። ከምግብ የሚቆዩበት ሰዓት አለ፤ ብዙዎች እስከ 6፣ አንዳንዶች እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምሱም። በእነዚያ ቀናት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የቁርስ ስብሰባ መጥራት ሰዎቹን ያስቸግራል። ሽሮም ሁሉ የጾም አይደለም፤ ቅቤ ያለው የፍስክ ነው። የሥጋ ማንኪያ የጾሙን ወጥ ቢያማስለው ለጾመኛው አበቃ።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው ትልቁ ነገር የዕርድ ጉዳይ ነው። ክርስቲያኑ የሙስሊም ዕርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን ዕርድ አይበላም። ስለዚህ ነው ሠርግም ለቅሶም ላይ ለሁለቱ ገበታ ተለይቶ የሚዘጋጀው፤ በዚህ የሚቀየም የለም። ቤቱ ሰው የሚጠራ እንግዳ ሥጋ ከመግዛቱ በፊት የሚጋበዙት እነማን እንደሆኑ ያስብ። ካልተመቸው ሁሉም የሚበላው የጾም ማዕድ ነው። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ በቋሚ ቀን መያዝ አይቻልም።

«እሺ» ውሸት ነው?

አይደለም። «እሺ» ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ» ማለት ነው። በሰው ፊት እምቢ ማለት ለጠያቂው ማፈሪያ ስለሆነ እምቢታ በሌላ ልብስ ይመጣል፦ «እስቲ እናያለን»፣ «ትንሽ ይቆይ»፣ «ነገ ደውልልኝ»። ሁለቴ «ነገ ደውልልኝ» የተባለ ሰው መልሱን አግኝቷል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ተደርጎ የሚወጣው አጭር ድምፅም «አዎ» ነው፤ እንግዶች ሰውዬው የደነገጠ እየመሰላቸው ይጨነቃሉ።

ጸሐፊው እንዳሉት አፋጥጦ «አዎ ወይስ አይደለም?» ማለት ሌላ «እሺ» ከማስወጣት በቀር የሚያመጣው የለም። የሚሠራው ስለ መጀመሪያው እርምጃ መጠየቅ ነው፦ ዕቃውን ማን ያመጣዋል? ስንት ሰዓት ላይ ትጀምራለህ? ምን ጎድሏል? የማይሠራው ሰው እዚህ ላይ ራሱ ችግሩን ይናገራል። ይህ ልማድ የሥራ ጊዜ እንደሚበላ፣ አንዳንዱም መደበቂያ እንደሚያደርገው ግን አልክድም፤ ጸሐፊው የተማረሩበት በቂ ምክንያት አላቸው።

የስድስት ወር ቅድሚያ ኪራይን ባህል ማለታቸው ግን መታረም አለበት። ባህል አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስና እንዲመዘገብ ይደነግጋል። የሕግ ጥሰትን በባህል ስም ለእንግዳ ማስተማር ባህሉንም ማማት ነው።

ለቅሶና መርዶ

ለሠርግ ጥሪ ይጠበቃል። ለለቅሶ ጥሪ የለም፤ የሰማ ይደርሳል። ሳትጠራ አትሂድ ማለት አትሂድ ማለት ነው፣ የሚጠራ ስለሌለ። ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ወላጅ ሐዘን ሲደርስበት ያልታየ ሰው ለዓመታት ይታወሳል፤ የመጣ ደግሞ፣ አማርኛ ባይችልም፣ የሰፈሩ ሰው ይሆናል። አበባና የስልክ መልእክት የመገኘትን ቦታ አይተኩም።

አኳኋኑ ከባድ አይደለም። በሩ ክፍት ነው፣ ወይም ድንኳን ተጥሏል። ጥቁር ወይም ደብዘዝ ያለ ልብስ ይለበሳል፤ ነጠላ ያደረገች ጥለቱን ወደ ላይ ታደርገዋለች። ሲገቡ ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት፣ ለሙስሊም ቤተሰብ «አላህ ያጽናችሁ»። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ። እንዴት ሞተ፣ ምን ነካው ተብሎ አይጠየቅም። ዝምታው የሚያስጨንቅ ይመስላል፤ ግን የተፈለገው እሱው ነው፣ አጠገብ መቀመጥ። የዕድር ሰዎች የሚያቀርቡትን ምግብ ትንሽ መቅመስ ይገባል። ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ተቀምጦ፣ ተነሥቶ ያንኑ ቃል ደግሞ መውጣት ነው። በቀብሩ ያልደረሰ በሠልስቱ፣ እሱም ካመለጠው በአርባው ይሄዳል፤ ከወራት በኋላ የሰማም ቢሆን ሄዶ «አልሰማሁም ነበር» ይላል። አሠሪ የሆነ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለቅርብ ዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር እንደሚሰጥ ይወቅ፤ ሠራተኛው እንዲለምን መጠበቅ አያስፈልግም።

ወደ መጨረሻው ነጥብ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት በዋናነት ለእሱ ነው። የሞት ዜና ለቅርብ ዘመድ የሚነገርበት ሥርዓት መርዶ ይባላል፤ የሚነገረው ሌሊቱ ሲነጋጋ፣ በቤቱ፣ ዘመዶችና የሰፈር ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጥተው ነው። ሌሊቱን እንዲተኛ ይተዉታል። ዕድሩ ተነግሮታል፣ የሚደግፉት ሰዎች አጠገቡ ቆመዋል። ሰውየው ቢወድቅ የሚይዘው አለ፤ ሲያለቅስ ብቻውን አያለቅስም። በስልክ፣ በመንገድ ላይ፣ መኪና ሲነዳ፣ በሥራ ጠረጴዛው ላይ አይነገርም። ውጭ አገር ላለ ሰው እንኳ ቤተሰቡ በዚያ ከተማ ያሉ ወዳጆቹን ፈልጎ፣ ተሰብስበው ቤቱ ድረስ እንዲሄዱለት ያደርጋል። ይህ መደበቅ አይደለም፤ ሸክሙን የሚሸከም ሰው እስኪሰበሰብ ማቆየት ነው።

ስለዚህ የሠራተኛዎ እናት ማረፋቸው በሌላ ሰው በኩል የደረሰዎት ኃላፊ ከሆኑ፣ ቢሮዎ ጠርተው አይንገሩት። ከቤተሰቡ ወይም ከሰፈሩ ሰው ያግኙና «መርዶው ተነግሯል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ካልተነገረ መቼና በማን እንደሚነገር ቤተሰቡ ይወስን። እርስዎ መኪና ያዘጋጁ፣ ፈቃዱን ይጨርሱ፣ ወደ ቤት ከተፈለገም «ቤት ትፈለጋለህ» ማለት ይበቃል፤ ታሪክ መፍጠር አያስፈልግም። ከሁሉ በፊት ግን የቢሮውን የቴሌግራም ግሩፕ ይቆጣጠሩ። ዛሬ መርዶን የሚያበላሸው አንድ የቸኮለ ሰው የሚለጥፈው ፎቶና «ነፍስ ይማር» ነው፤ ልጅ የአባቱን ሞት ታክሲ ውስጥ ስልኩ ላይ ያነባል።

ጸሐፊው አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። አንዳንድ ቤተሰብ መርዶውን ከልክ በላይ ያዘገየዋል፤ ቀብሩ ካለፈ በኋላ የሚነገረው ሰው አለ፣ ያ ቁስል ደግሞ አይድንም። ይህን የሚቃወሙ ወጣቶች ብዙ ናቸው፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ግን ማፋጠን የሚገባው ቤተሰቡ ነው፤ ለቤተሰቡ «ቀብሩ ሳያልፍ ንገሩት» ብሎ መለመን የኃላፊው ድርሻ ነው፣ ቀድሞ መናገር አይደለም።

ስለ ቡናውና ስለ አንቱታው ከጸሐፊው ጋር ብዙ ልንከራከር እንችላለን። «ወዲያው ንገረው» የምትለውን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ እንዲያርሟት እለምናቸዋለሁ፤ ጽሑፉ አሁንም እየተጋራ ነው፣ ነገ አንድ አዲስ የመጣ ኃላፊ ቃል በቃል ሊፈጽመው ይችላል።